እስከ አሥር ብቻ

እኔ የምቆጥረው በአፌ ነው። በሆዴ መቁጠር አይሆንልኝም፤ ሞክሬዋለሁ፣ ሦስት ላይ ስደርስ ስለ ምሳ ማሰብ እጀምራለሁ። ስለዚህ ቆዳ ክሊኒኩ ውስጥ፣ ክፍል ቁጥር ስድስት፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያልኩ ጮክ ብዬ ስቆጥር ኖሬያለሁ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ይሰማኛል። ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶች በእኔ ድምፅ ልጆቻቸውን ቁጥር ያስተምራሉ።

ሥራዬ ማቀዝቀዝ ነው። ጥግ ላይ ወገቤ ድረስ የሚደርስ የብረት ታንክ ቆሟል፤ ውስጡ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ክዳኑ ሲነሳ ነጭ ጉም እየተንከባለለ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ከሱ ወደ ትንሿ ፔርሙዝ እቀዳለሁ፣ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ስንጥር እነክራለሁ፣ ኪንታሮቱ ላይ አሳርፋለሁ፣ እቆጥራለሁ። ቦታው መጀመሪያ በረዶ ይመስላል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይጠቁራል፤ በሁለት በሦስት ሳምንት ቅርፊቱ ሲወድቅ ኪንታሮቱም አብሮ ይሄዳል። ብልሃቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። እንደ እኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ፣ ያውም ፊት ላይ፣ ከአሥር ከታለፈ ቀለሙም አብሮ ይሄድና በቦታው ነጭ ነጥብ ይቀራል። አንዳንዱ በወራት ይመለሳል፣ አንዳንዱ ወጥቶ በዚያው ይቀራል። እግር ላይ ቢሆን ካልሲ ይሸፍነው ነበር። ፊት ግን ካልሲ የለውም። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ፊት ላይ ነጥብ ትቼ አላውቅም ነበር፤ ይህንንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስናገር ኖሬያለሁ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ወረፋ ሳይዝ ገባ። ብቻውን መግባትማ የማይታሰብ ነው። ምክትሉ በሩን ከፈተለት፤ ጸሐፊዋ ቦርሳውን ይዛ ተከተለች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ "ዋናው" ነው የሚሉት። ግንባሩ መሀል ላይ ባቄላ የምታህል ኪንታሮት ነበረችው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለስድስት ዓመት ያቺን ኪንታሮት ያየ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ እንደነገረኝ ከሆነ ዋናውን ሲያነጋግሩ ሁሉም የሚያዩት ጆሮውን ነው።

"ሲስተር፣ ያማል?" አለኝ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ።

"ትንሽ ያቃጥላል እንጂ ምንም አይል። እንኳን እርስዎ ሕፃናትም ይችሉታል።"

ምክትሉ ገላመጠኝ። ዋናውን ከሕፃን ጋር ማወዳደሬ ነው ጥፋቴ።

ጥጡን አሳርፌ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት ላይ ስደርስ ስልኩ ጮኸ። ከበላይ እንደተደወለ የገባኝ ሰውየው እንደተጋደመ ቀጥ ብሎ ለመቆም ሲሞክር ሳየው ነው። "አቤት ጌታዬ!" እያለ አንድ እጁን ወደ እኔ አንስቶ መዳፉን ዘረጋብኝ። ዝም በይ ማለቱ ነው። እኔም ዝም አልኩ። አፌ ሲዘጋ ቁጥሩ ቆመ፤ ጥጡ ግን እዚያው ግንባሩ ላይ ነበር። ማንሳት ነበረብኝ። ማንም ጀማሪ ነርስ ታነሳው ነበር። ግን የአለቃ መዳፍ ሲዘረጋ የእኔም እጅ እንደ ምክትሉ እጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስልኩን ዘግቶ "ቀጥይ" ሲለኝ፣ የቱ ጋ እንደነበርኩ አሰብኩና ከሰባት ቀጠልኩ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር።

ከወጡ በኋላ ሰዓቴን አየሁና ጥጡ ግንባሩ ላይ ከአሥር እጅግ አልፎ እንደቆየ ገባኝ።

ያን ጊዜ የፈራሁት ለራሴ አልነበረም፤ ለባለቤቴ ነው። እሱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፋይል ሲያወጣና ሲያገባ ስለኖረ ሰው ሁሉ "ዶሴ" ይለዋል፤ እኔም ቤት ውስጥ እንደዚያው ነው የምጠራው። ዶሴ ማንንም ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎ የማያውቅ ደረቅ ሰው ነው። ያገባሁትም ለዚህ ነው፤ በመልኩ አይደለም። አገጩ ላይ የሠርጋችን ቀን ጭምር የነበረች ኪንታሮት አለችው፤ ሲያስብ በአውራ ጣቱ ይዳብሳታል። ላነሳልህ ብዬ ለምኜ ታክቶኛል። "ከአንቺ በፊት የማውቃት እሷን ነው፤ ተያት" ይለኛል። እንግዲህ በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ አዲስ መዋቅር እያወጣ ነበር። አዲስ መዋቅር ማለት ሁሉም ሰው ከወንበሩ ተነስቶ እንደገና ይመደባል፤ ምደባው ላይ ስሙ ያልወጣ ቤቱ ይገባል። ዝርዝሩን የሚፈርመው ደግሞ ዋናው ነው። ልጃችን ትምህርቷን ለመጨረስ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። እኔ በገዛ እጄ የባሌን አለቃ ግንባር አበላሽቼ ባሌን ራሱን ከሥራ ላስነሳው ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በልቼ አልጠገብኩም።

ዶሴ አንድ ምሽት ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ "ቅርፊቱ ወደቀ" አለኝ።

"እና?"

"እና የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጭ ነጥብ። ክብ። መሀል ግንባሩ ላይ።"

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። እሱ ግን ሳቁ አፍኖት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናው ጠዋት መጸዳጃ ቤት ገብቶ በመስታወት ራሱን ሲያይ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር አሉ። ሲወጣ በሩ ላይ ከምክትሉ ጋር ተገጣጠመ። ለስድስት ዓመት ጆሮውን ሲያይ የኖረው ምክትል ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሩን አየና አንድ ነገር መናገር ግድ ሆነበት። "ጌታዬ፣ ፊትዎ በራ!" አለ። ቀጥሎም፣ "ግርማ ሞገስ ማለት ይሄ ነው። ከሩቅ ሳይዎት ማን መጣ ብዬ ደነገጥኩ" ብሎ ጨመረበት። ጸሐፊዋም ሰምታ ኖሮ "እኔማ ጠዋት ልናገር ብዬ አፍሬ ነው" አለች። ምሳ ሰዓት ላይ ዋናው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ መብራቱ ግንባሩ ላይ እንዲያርፍ መስኮት መስኮቱን እየተጠጋ ይሄድ ጀመር።

ሐሙስ ምክትሉ ብቻውን ክሊኒክ መጣ።

"እዚህ ጋ አንድ ነገር አለብኝ" አለና ጥርት ያለ ግንባሩን ጠቆመኝ።

በማጉያ መነጽር ሳይቀር አየሁት። "ምንም የለም" አልኩት።

"በደንብ እዪው እንጂ።"

"በደንብ አይቻለሁ፤ የለም።"

"ታዲያ ሊወጣ ያሰበ ይኖራላ!"

እምቢ አልኩት። ጤነኛ ቆዳ አላቃጥልም ብዬ በሩን አሳየሁት። እሱም ወጥቶ የክሊኒኩ ባለቤት ወደ ሆነው ዶክተር ገባ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዶክተሩ ክፍሌ ድረስ መጥቶ፣ "ሲስተር፣ አዋቂ ሰው ነው፣ ፈርሟል። ነጥብ ነው የፈለገው፤ ነጥብ ስጪው" አለኝ። ዶክተር ሲናገር ደግሞ አፌ ልማዱ ነው፤ ተዘጋ።

"ከዋናው ትንሽ ይነስ" አለኝ ምክትሉ ዓይኑን ጨፍኖ። "ግን ትንሽ ብቻ።"

ሠራሁለት። ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። የክፍል ኃላፊዎች መጡ፤ እነሱን ተከትለው የቡድን መሪዎች መጡ። የሰው ኃይል አስተዳደሩማ ሰው ከአቅሙ በላይ ነጥብ እንዳያሠራ ብሎ በእጁ የጻፈው ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ምክትል ስምንት ሚሊሜትር፣ የክፍል ኃላፊ ስድስት፣ ባለሙያ አራት፣ ሹፌርና ጥበቃ እንደ ፍላጎታቸው። መለኪያ ማስመሪያዬን ታንኩ አጠገብ ሰቀልኩ። አንዲት ፈካ ያለ መልክ ያላት ጸሐፊ ነጥቧ እንደ ሰው ጎልቶ ስላልታየላት አልቅሳ እንደገና ካልሠራሽልኝ አለች። አንዱ የቡድን መሪ ደግሞ ስድስት አሠርቶ ሹመቱ ስላልጸደቀለት ወደ አራት መልሺልኝ ብሎ ለመነኝ። ወደ ኋላ የለም አልኩት። መዋሸት አልወድም፤ የእነዚያን ሁሉ ሰዎች ግንባር ያነጣሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ስሠራ ግን አንድ ነገር ደስ ይለኝ ነበር። ሰዎቹ በበዙ ቁጥር የእኔ ስህተት ስህተት መሆኑ ይቀራል፤ ዶሴም በእኔ ጦስ አይነካም ብዬ አስብ ነበር።

ዶሴ ማታ ማታ እየተመለሰ የሣቅ ቀለብ ያመጣልኛል። "ዛሬ የግዢ ክፍሉ በሙሉ ፋሻ አድርጎ ዋለ።" "ዛሬ ጥበቃው ነጥብ የሌለው እንግዳ አላስገባም አለ።" ሁለታችን ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ልጃችን ከክፍሏ ወጥታ "እናንተ ምን ነካችሁ?" ትለናለች። ትዳራችን እንደዚያ ሞቆ አያውቅም።

ከዚያ የምደባው ረቂቅ ዝርዝር ተለጠፈ። የዶሴ ስም የለም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ "ሃያ ሦስት!" ብዬ ስጠራ በሩን ገፍቶ የገባው ባለቤቴ ነበር። እንደ ማንም ቁጥር ይዞ፣ ኮሪደሩ ላይ ተራውን ጠብቆ። ኮፍያውን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዓይኔን አላየኝም።

"አድርጊልኝ" አለ።

"ምን?"

"እንደነሱ ነዋ። አራት ሚሊሜትር ይበቃኛል።"

"አንተ ዶሴ፣ አብደሃል?"

"እኔ አላበድኩም። ግንባሬ ባዶ ስለሆነ ሰዎች አጠገቤ መቀመጥ ፈርተዋል። የመጨረሻው ዝርዝር በወር ውስጥ ይወጣል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ልጅቷንስ?" ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "በሞቴ፣ አታስረጂኝ። ዝም ብለሽ ሥሪ።"

አንጀቴን በላው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ይህ ሰው ሲለምን ሰምቼው አላውቅም፤ ሲለምን ያየሁት ደግሞ ለውርደት ነው። ዓይንህን ጨፍን አልኩት። ጥጡን ነከርኩ። ግንባሩን ለአንዲት ቅጽበት ብቻ፣ ደንገጥ እንዲል ያህል ነካሁትና አነሳሁት፤ ከዚያ ከቆዳው ጣት የሚያህል አርቄ ያዝኩት። ብርዱ እየወረደ ስለሚነካው ጥጡ ቆዳው ላይ ያለ መስሎታል። ሃያ ድረስ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። ፕላስተር ለጠፍኩለት፤ "አመሰግናለሁ" ብሎኝ ሄደ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ይቆማል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ምንም የለም። ግንባሩ እንደ ድሮው ነው።

"ለሰው ሁሉ የሚሠራው ለእኔ ለምን እምቢ ይላል?" ይለኛል።

"ቆዳህ እንዳንተው ደረቅ ነው" እለዋለሁ። ሌላ ምን ልበል? ተቆጥቶ ቁርሱን ትቶ ይወጣል። ሣቃችን ቀረ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ፣ ከሥራው ሲወጣ ምን ብዬ እነግረዋለሁ እላለሁ። ባሌን ከውርደት ያዳንኩ መስሎኝ ከወንበሩ የገፋሁት እኔው ልሆን ነው።

የመጨረሻው ዝርዝር ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ትልቁ ሰውዬ መሥሪያ ቤቱን ሊጎበኝ መጣ። የዋናው የበላይ ነው፤ ያኔ ዋናው ወንበሬ ላይ ተጋድሞ ሳለ የደወለለት። ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ዶሴ እንደነገረኝ ነው የምናገረው።

ትልቁ ሰውዬ ዋናውን ሞቅ አድርጎ ጨበጠና ቀና ሲል ነጥቡን አየ። ምክትሉን ሊጨብጥ ሲል እዚያም ነጥብ። ወደ አዳራሹ ዞረ፤ ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ፣ በመጠን በመጠኑ፣ ነጥብ በነጥብ። እጁን ሰብስቦ መሀረብ አወጣና አፉን ሸፈነ። የጨበጠበትን እጅ ደግሞ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ቀረ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ በመሀረቡ ውስጥ።

መልሱ ቀላል ነበር። አለቃችንን ለመምሰል ነው ማለት ብቻ ነው። ግን ይህንን ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል? ምክትሉ "ጌታዬ፣ ይሄማ…" ብሎ ጀመረና ዋጠው። ዋናው ወለል ወለሉን አየ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ሰው ያመመውን ሲደብቅ እንዲህ ነው ዝም የሚለው፤ ትልቁ ሰውዬም ተላላፊ በሽታ መሰለው።

"ጤነኛ ሰው የለም እዚህ ቤት?" ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ዞሮ በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ማንም ከጎኑ ያልተቀመጠውን ዶሴን አየ።

"አንተ! ና ወደዚህ። አይ፣ አትጠጋኝ፤ እዚያው ቁም። ሥራህ ምንድን ነው?"

"መዝገብ ቤት ነኝ ጌታዬ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ተጠባባቂ ኃላፊ ነህ። የቀራችሁት ነጥቡ እስኪጠፋ ድረስ ደጃፉን እንዳትረግጡ!"

ዶሴ ቤት መጥቶ ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም መጀመሪያ አለቀስን፤ ከዚያ የሳቅነው ሣቅ ጎረቤት አስደነገጠ። እኔም ምስጢሬን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ደስ ብሎታል፣ "ቆዳዬ ጉደኛ ነው!" እያለ ግንባሩን ይዳብሳል። ይደሰት ብዬ ተውኩት።

የመጀመሪያውን ወር በእግሩ እየሄደ፣ ፋይሉን ራሱ እያወጣ ሠራ። በሁለተኛው ወር መኪና ተመደበለት። "እኔ አልጠየቅኩም፣ ራሱ መጣ" አለኝ። በሦስተኛው ወር እራት ሲበላ ሳህኑን ወደ ፊት ገፍቶ የሚያነሳለት ሰው እንዳለ ዙሪያውን ያይ ጀመር። ሃያ ሁለት ዓመት ሳህኑን ራሱ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። ልጃችን አንድ ቀን "አባዬ፣ የምትፈልገው ሰው አልመጣም" አለችው። አልሳቀም።

በአምስተኛው ወር የምክትሉ ነጥብ ከዳር ዳር ጠቁሮ ጠፋና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የዋናው ግን እንዳለ ነበር። ከሳምንት በኋላ ክፍሌን አንኳኳ።

"ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኪንታሮት መትከል ይቻላል?"

"ምን?"

አገጩን ጠቆመ። የዶሴ ኪንታሮት ያለችበትን ትክክለኛ ቦታ። "እዚህ ጋ። ትንሽዬ። ከእሳቸው በጣም ያነሰች።"

ሣቄን አፍኜ አስወጣሁት። ቀኑን ሙሉ ማታን ናፈቅኩ። የድሮው ሣቃችን ሊመለስ ነው ብዬ ራት ላይ ድምፁን ሳይቀር አስመስዬ ነገርኩት። ዶሴ ማንኪያውን አስቀመጠ። በአውራ ጣቱ አገጩን ዳበሰ። ሣቁን ጠበቅኩ።

"ታዲያ ምን አልሽው?" አለ።

"የምነቅል እንጂ የምተክል አይደለሁም አልኩታ!"

"ሰውየው ከልቡ ነው የጠየቀው። ዶክተሩን ብታማክሪው ምን አለበት?"

ከፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው አየሁት፤ የእኔን ሰው አጣሁት። "አንተ ዶሴ፣ ስማኝማ…" ስል እጁን አንስቶ መዳፉን ዘረጋብኝ። ዝም በይ ማለቱ ነው። ያቺው መዳፍ።

አፌ ተዘጋ። ልማድ ነው። ከዚያ የዚያ ማክሰኞ ነገር ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

"አልዘጋም!" አልኩት። "አንድ ጊዜ ዘግቼ አገር አበላሽቻለሁ። ስማኝ። ግንባርህን አልነካሁትም። ሃያ ስቆጥር ጥጡን ይዤ የነበረው አየር ላይ ነው። ቆዳህ ጉደኛ አይደለም፤ ጉደኛዋ እኔ ነኝ። ከእነሱ መሀል ተለይተህ ወንበሩ ላይ የተቀመጥከው ሚስትህ እንዳትዋረድ ስለሳሳችልህ ነው። አሁን ደግሞ አንተ ሰው ልታዋርድ ነው።"

መዳፉ አየር ላይ ቀረ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ ቁጣ መጣ፣ ሄደ፣ ከዚያ የማላውቀው ነገር መጣ። ተነስቶ ሳህኑን አጠበ። የእኔንም አጠበ።

ሰኞ ጠዋት "አሥራ አንድ!" ብዬ ስጠራ የገባው እሱ ነው። ኮሪደሩ ላይ ልጅ ከያዘች እናት አጠገብ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ነበር። ምክትሉ በር ሊከፍትለት ተከትሎት ገባ።

"እርስዎ ውጭ ይጠብቁ" አልኩና ዘጋሁበት።

ዶሴ ጋደም አለና አገጩን ቀና አደረገ። "ውሰጃት" አለኝ።

ጥጡን ነከርኩ። አሳረፍኩ። አንድ አልኩ። ሁለት። ከውጭ ልጁ ከእኔ ጋር ሲቆጥር ይሰማኛል። ሰባት ላይ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ። የትልቁ ሰውዬ ስም ብቅ ሲል ሁለታችንም አየነው። የዶሴ እጅ ከጭኑ ላይ ተነሳ።

"ስምንት!" አልኩ፣ ኮሪደሩ እስኪናወጥ።

እጁ መሀል ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ወረደና ጭኑ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ስልኩ ይጮኻል። ዘጠኝ። ይጮኻል። አሥር አልኩና ጥጡን አነሳሁ።

"ነጭ ይተውብኛል?" አለኝ ዓይኑን ሳይከፍት።

"አይተውም" አልኩት። "ቆጥሬያለሁ።"